የአፍሪካ መረብ ኳስ ሻምፒዮና

የአፍሪካ መረብ ኳስ ሻምፒዮና በአፍሪካ ሀገራት ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የሚካሄድ አህጉራዊ የመረብ ኳስ (ቮሊቦል) ውድድር ነው። የወንዶቹ በ1967፣ የሴቶቹ ደግሞ በ1976 ተጀመረ። ውድድሩን የሚመራው መቀመጫው ካይሮ የሆነው የአፍሪካ መረብ ኳስ ኮንፌዴሬሽን ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመር

ዓለም አቀፉ የመረብ ኳስ ፌዴሬሽን በ1947 ፓሪስ ላይ ሲቋቋም ከ14ቱ መሥራች ሀገራት መካከል ከአፍሪካ ግብፅ ብቻ ነበረች። በ1965 ብራዛቪል ውስጥ በተካሄደው የመጀመሪያው የመላው አፍሪካ ጨዋታዎች መረብ ኳስ ከውድድሮቹ አንዱ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቱኒስ የመጀመሪያውን ሻምፒዮና አስተናገደች፤ ዋንጫውንም አስተናጋጇ ቱኒዚያ ወሰደች።

በመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት ውድድሩ ቋሚ የጊዜ ሰሌዳ አልነበረውም። ከ1967 በኋላ የተካሄደው በ1971፣ በ1976፣ በ1979፣ በ1983 እና በ1987 ነው። አዘጋጆቹ ከተሞች ቱኒስ፣ ካይሮና ትሪፖሊ ብቻ ነበሩ፤ ዋንጫውም ከቱኒዚያና ከግብፅ እጅ አልወጣም። ከ1987 ወዲህ በየሁለት ዓመቱ መካሄድ ጀመረ።

የድሮ ውጤቶችን ከአሁኖቹ ጋር ለማነጻጸር የሚፈልግ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው ነጥብ ማግኘት የሚችለው ኳሱን የለጋው ቡድን ብቻ ነበር። እያንዳንዱ ምልልስ ነጥብ የሚያስገኝበት የአሁኑ ሕግ የመጣው ከዚያ በኋላ ስለሆነ፣ የሁለቱ ዘመናት ቁጥሮች በቀጥታ አይወዳደሩም።

ወንዶች

የሁለቱን ሀገራት ሰንሰለት የበጠሰችው ካሜሩን ናት። በ1989 አቢጃን ላይ ሻምፒዮን ሆነች፤ በ2001 ፖርት ሃርኮርት ላይ ደገመችው። አልጄሪያ በ1991 ካይሮ ላይ፣ በ1993 ደግሞ በገዛ ከተማዋ አልጀርስ አሸነፈች። ከእነዚህ አራት ውጤቶች በቀር እስከ 2023 ድረስ ዋንጫው ከሁለቱ ነባር ተቀናቃኞች ውጭ አልሄደም፦ ቱኒዚያ 11 ጊዜ፣ ግብፅ 9 ጊዜ። ግብፅ ከ2005 እስከ 2015 በተከታታይ ስድስት ጊዜ ስታሸንፍ፣ ቱኒዚያ በ2017፣ በ2019 እና በ2021 መለሰች። በ2023 ካይሮ ላይ ግብፅ እንደገና ሻምፒዮን ሆነች።

ኢትዮጵያ በ2021 ኪጋሊ ላይ ከተሳተፉት ቡድኖች አንዷ ስትሆን፣ የተመደበችው ኋላ ሻምፒዮን ከሆነችው ቱኒዚያ፣ ከናይጄሪያና ከደቡብ ሱዳን ጋር ነበር።

ሴቶች

የሴቶቹ ታሪክ ከወንዶቹ በእጅጉ ይለያል። በ1976 ግብፅ ካሸነፈች በኋላ ውድድሩ ለዘጠኝ ዓመት ተቋርጦ በ1985 ቱኒስ ላይ ቀጠለ። ከዚያ የኬንያ ዘመን መጣ። ኬንያ ከ1991 እስከ 1997 አራት ጊዜ በተከታታይ፣ እስከ 2023 ባለው ጊዜ ደግሞ በድምሩ 10 ጊዜ አሸንፋለች። በመካከል አልጄሪያ በ2009 አንድ ጊዜ፣ ካሜሩን ደግሞ በ2017፣ በ2019 እና በ2021 ሦስት ጊዜ ቀድመዋታል።

ለኬንያ ጥንካሬ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የክለቦቿ አወቃቀር ነው። ታላላቆቹ የሴቶች ክለቦች የማረሚያ ቤቶች፣ የነዳጅ ማስተላለፊያ ድርጅትና የንግድ ባንክ ቡድኖች ናቸው። ተጫዋቿ ከሜዳ ውጭ ሥራና ደመወዝ ስላላት ለዓመታት ሳትቋረጥ መሠልጠን ትችላለች።

የ2021 የኪጋሊ ውዝግብ

የውድድሩን ስም ካነሱት ክስተቶች ትልቁ የደረሰው በ2021 ነው። የአስተናጋጇ ሩዋንዳ የሴቶች ቡድን አራት ብራዚላዊ ተጫዋቾችን አሰልፎ ነበር። ተጫዋች የሌላ ሀገርን ማሊያ ለመልበስ የዓለም አቀፉን ፌዴሬሽን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ዜግነት ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ናይጄሪያ ቅሬታ ስታቀርብ ጨዋታዎቹ ለጊዜው ቆሙ። በመጨረሻም ሩዋንዳ በገዛ ሜዳዋ ከውድድሩ ተሰረዘች፤ ቀሪዎቹ ቡድኖችም ጨዋታውን ቀጥለው ካሜሩን ዋንጫውን አነሳች። የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዝዳንት በወቅቱ በ2020 የተመረጡት ሞሮኳዊቷ ቡሽራ ሃጂጅ ነበሩ።

ከዓለም ውድድሮች ጋር ያለው ግንኙነት

የአህጉሩ ኃያላን ለኦሊምፒክ የሚያገኙት ቦታ ሁልጊዜ ጠባብ ነበር። ቱኒዚያ በ1972 ሙኒክ ላይ ተጫውታለች። የ1976 ሻምፒዮኗ ግብፅ ሞንትሪያል ደርሳ የአፍሪካ ሀገራት በጠሩት አድማ ምክንያት ውድድሩን አቋርጣ ተመለሰች። የ1979 ሻምፒዮኗ ቱኒዚያም ወደ ሞስኮ ባለመሄዷ በ1980 የተጫወተችው ሊቢያ ናት። በሴቶች በኩል ኬንያ በ2000 ሲድኒ ላይ ብትደርስም በአራት ኦሊምፒኮች ተሳትፋ አንድም ጨዋታ አላሸነፈችም። በአህጉሩና በዓለም መካከል ያለው ርቀት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

የዓለም ሻምፒዮና ከ2025 ጀምሮ ተሳታፊዎቹን ወደ 32 ሲያሳድግ፣ ከ2023ቱ የአፍሪካ ሻምፒዮና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቡድኖች በቀጥታ አልፈዋል፤ በሴቶች ኬንያ፣ ግብፅና ካሜሩን። የ2026ቱ ሻምፒዮና አሸናፊዎች ደግሞ የ2028ቱን የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ቦታ በቀጥታ እንዲያገኙ ተወስኗል።