ከሰማይ ወይስ ከድንጋይ? በላስታ ከፍታ በቴሌስኮፕ ፎቶ ላይ ስለሚታዩ ባዕድ ነጥቦች

የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖቹ ለአዲስ አበባ መብራት ቅርብ መሆናቸው የታወቀ ነበር። ለሚቀጥለው ትልቅ ቴሌስኮፕ በላስታ ያሉት የላሊበላ ዙሪያ ተራሮች የታሰቡትም ስለዚህ ነው። ከእነርሱ አንዱ የሆነው፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጨለማውም ስስ አየሩም አለው። ነገር ግን «ከፍታ የጠፈር ጨረርን ያበዛል፤ ስለዚህ ፎቶው በነጥብ ይሞላል» የሚል ሥጋት ይነሣል። ሥጋቱ ግማሽ እውነት ነው።

ከጠፈር ጨረር ውጭ በፎቶ ላይ ስለሚታዩት ሌሎች ምልክቶች ክርክር የለኝም። ደብዛዛ ቀለበት የአቧራ ጥላ ነው፤ የቀለበቱን ስፋት በፒክስል መጠንና በኤፍ ቁጥሩ ማባዛት አቧራው ከሴንሰሩ ያለውን ርቀት ይሰጣል። በኤፍ 8 ቴሌስኮፕና በ3.76 ማይክሮሜትር ፒክስል 300 ፒክስል ለሚሰፋ ቀለበት ርቀቱ 9 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ከፎቶ ፎቶ ቦታውን የማይለቅ ነጥብ የጋለ ፒክስል ነው፤ ረጅም መስመር ደግሞ ሳተላይት።

ክርክሬ ከአስትሮኖሚ ተመራማሪው ከፒተር ቫን ዶክም ጋር ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የፎቶ ማጽጃ ስልት የሚነሣው ከአንድ ሐሳብ ነው፦ የኮከብ ብርሃን በአየርና በመስተዋት አልፎ ስለሚመጣ ጠርዙ ይለሰልሳል፤ ሴንሰሩን በቀጥታ የመታ ቅንጣት ግን ጠርዙ ስል ነው። ስለዚህ ስል የሆነውን ሁሉ በጠፈር ጨረርነት መዝግቦ ያጠፋል። ለጽዳት መጥቀሙን አልክድም። ሆኖም የጠርዝ ስለት ነጥቡ በቴሌስኮፑ በኩል አለመምጣቱን ቢያሳይ እንጂ ከየት እንደመጣ አይነግረንም። የጠፋ ነጥብ ደግሞ ተመልሶ አይመረመርም። ከዚህም ሌላ፣ አየሩ በረጋበት ተራራ ላይ ኮከቡ ራሱ በጥቂት ፒክስሎች ላይ ተጨምቆ ስለሚያርፍ ከቅንጣት ጋር ይመሳሰላል። ቫን ዶክም ለዚህ ተጨማሪ መመዘኛ አበጅቷል ይባላል። አበጅቷል፤ ወሰኑን የሚመርጠው ግን ተጠቃሚው ነው።

ተገቢውን ቦታ ያላገኘው የፊዚክስ ተመራማሪው የዶናልድ ግሩም የ2002 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ነው። ግሩም በወፍራም ሴንሰሮች ላይ ቀጥ ያሉ መስመሮችን እንደ ትል ከተጠማዘዙት ለየ። ቀጥ ያሉት ከጠፈር ጨረር የሚወለዱና ከላይ የሚወርዱ፣ ሚዩኦን የሚባሉ ቅንጣቶች ናቸው። ትሎቹ ግን በዙሪያው ካለ ቁስ፣ ከሕንፃው ኮንክሪት ሳይቀር፣ የሚወጣ ጋማ ጨረር በሴንሰሩ ውስጥ የሚያስፈነጥራቸው ኤሌክትሮኖች ናቸው። ለላስታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከፍታው የሚያበዛው ሚዩኦኑን ነው፤ የትሎቹን ብዛት የሚወስነው ቴሌስኮፑ የሚኖርበት ቤት ነው። የአካባቢው አለት በአመዛኙ ባዛልት ሲሆን በፖታሲየም፣ በዩራኒየምና በቶሪየም ይዞታው ከግራናይት ያንሳል። ምናልባት ቤቱን በአገሩ ድንጋይ መሥራት ፎቶውን ያጠራው ይሆናል።

ስስ ሴንሰር ላይ ትልና መስመር አይለዩም ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ ቅርጹን ትተን ብዛቱን እንቁጠር። ከላሊበላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የቆመው በዋሻ ውስጥ፣ በገደል ጥላ ሥር ነው። ገዳሙ ከፈቀደ፣ ክዳኑ የተዘጋ ካሜራ በእኩል ሙቀትና በእኩል ጊዜ አንድ ጊዜ በገደሉ ሥር፣ አንድ ጊዜ በገላጣ ሸንተረር ላይ ይቀመጥ። ነጥቦቹ ሚዩኦን ከሆኑ በገደሉ ሥር ይሳሳሉ፤ ካልሳሱ ወይም ከበዙ ምንጫቸው አለቱ ነው። ከዚያ ካሜራው በወፍራም የእርሳስ ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ እርሳስ አብዛኛውን ጋማ ሲያስቀር ሚዩኦን ግን ያልፈዋል።