የውስጠኛው ጆሮ ምርምር ታሪክ

ድምፅ ከጆሮ ወደ አእምሮ የሚደርስበት መንገድ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ቆይቷል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ሊቃውንት መንገዱን የመረመሩበትን ታሪክ በሦስት ጥያቄዎች ከፍለን ለመመልከት እንሞክራለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ «በውስጡ ምን አለ?» የሚል ነበር። ኢጣሊያዊው አልፎንሶ ኮርቲ የቀንድ አውጣ ቅርፊት የሚመስለውን የጆሮ ክፍል በአጕሊ መነጽር መርምሮ፥ በተርታ የቆሙትን ሕዋሳት በ1851 ገለጠ። በራሳቸው ላይ እንደ ጠጕር የቀጠነ ነገር ስላለባቸው ጠጕራም ሕዋሳት ይባላሉ።

ሁለተኛው «እንዴት ይሠራል?» የሚል ነው። ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ በ1863 እያንዳንዱ ክፍል እንደ ፒያኖ አውታር ለራሱ ድምፅ ይንቀጠቀጣል አለ። የሀንጋሪው ተወላጅ ቤኬሺ ግን ከሬሳ በተወሰደ ጆሮ ላይ ድምፅ እንደ ማዕበል ሲጓዝ ተመለከተ፤ ቀጭኑ ድምፅ በመግቢያው፥ ወፍራሙ በጫፉ አጠገብ ይበረታል። ስለዚህም በ1961 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሦስተኛው ጥያቄ «እንዴት ይበቅላል?» የሚለው ነው፤ ከሁሉም የሚያሳስበን ይኸው ነው። ሰው በአንድ ጆሮው ያሉት ጠጕራም ሕዋሳት ወደ 15,000 ገደማ ሲሆኑ፥ የሚፈጠሩት ገና በማሕፀን ሳለ ነው። በኀይለኛ ጩኸት ወይም በአንዳንድ መድኀኒት ከጠፉ አይተኩም። በ1988 ግን ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪ ቡድኖች በጩኸት የተጐዱ ጫጩቶችና ድርጭቶች አዲስ ጠጕራም ሕዋሳት እንዳበቀሉ አስታወቁ። አዲሶቹ የሚገኙት በአጠገባቸው ካሉት ደጋፊ ሕዋሳት ነው። በ1999 ደግሞ ማዝ 1 የተባለው ጂን የጐደለባቸው የአይጥ ፅንሶች ጠጕራም ሕዋስ ከቶ እንዳላወጡ ታወቀ።

ሕዋሱ መብቀሉ ብቻ አይበቃም፤ ከነርቭ ጋር መገናኘት አለበት። በ2007 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፥ የአይጥ ግልገል መስማት ሳይጀምር ጆሮው ራሱ ምልክት እያመነጨ ነርቮቹን ያነቃቃል። መስሚያው ድምፅ ከመድረሱ አስቀድሞ ይለማመዳል ማለት ነው።

ዛሬ በቀዶ ጥገና የሚተከለው መሣሪያ ነርቩን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል እንጂ የጠፋውን ሕዋስ አይመልስም። የሰው ደጋፊ ሕዋሳት የወፎቹን ሥራ እንዲሠሩ ማድረግ እስካሁን አልተቻለም። ኮርቲ ሥዕሉን ሲሥል ፈውስ አላሰበም ይሆናል፤ ሆኖም ተርታው አስቀድሞ ባይታወቅ ኖሮ የበቀለውን ለይቶ የሚቈጥር ባልተገኘም ነበር። ስለዚህ ጥቅሙ ገና ያልታየን ምርምር መናቅ አይገባንም እንላለን።