ብርሃን እንደ ስንቅ፦ ከኡራኤል ሰፈር እስከ ተሳቢዋ ጣሪያ

ኡራኤል የሚለው ስም «የእግዚአብሔር ብርሃን» ተብሎ ይተረጎማል። በመጽሐፈ ሄኖክ ለሄኖክ የፀሐይን፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ሥርዓት ያሳየው ይኸው መልአክ ነው። ፀሐይ በምሥራቅ ስድስት፣ በምዕራብም ስድስት ደጆች አሏት፤ ዓመቱን ሙሉ ከደጅ ወደ ደጅ እየተሻገረች ትወጣለች፣ ትገባለች ይላል መጽሐፉ። ይህን መጽሐፍ ምሉዕ አድርጎ ለዓለም ያቆየው ግዕዝ ነው። የፀሐይን መንገድ መቁጠር ለእኛ የቆየ ትምህርት ነው ማለት ነው።

ትምህርቱን በዓይን ማየት ለሚፈልግ የኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ይበቃል። በጥር 22 ንግሥ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ እዚያ የቆመ ሰው ጥላው ወደ ሰሜን ይወድቃል፤ ርዝመቱም የቁመቱን ግማሽ ያህላል። በሐምሌ 22፣ ደመናው ከገለጠ፣ በዚያው ሰዓት በዚያው ቦታ ቢቆም ጥላው አጥሮና ወደ ደቡብ ዞሮ ያገኘዋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። በዚህ ሰፈር ሶላር የሚገጥም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይህን ማወቅ አለበት።

ነገሩን እንድጽፍ ያነሣሣኝ እዚሁ ኡራኤል አንድ ግቢ ውስጥ ያየኋት ትንሽ ተሳቢ ናት። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ጋር ላንጋኖና አዋሽ ፓርክ እየሄዱ ሊያድሩባት ያሠሯታል። አልጋዋና መደርደሪያዋ ተጠናቋል፤ የቀረው መብራቷ ነው። ሶላር የሚገጥመው ወጣት ሲመጣ ስለ ዋጋ አላወራም። ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ስንት ሌሊት እንደሚያድሩና ምን ምን እንደሚያበሩ ይንገሩኝ» አላቸው። ትክክለኛው መነሻ ይህ ነው። ተሳቢ ላይ የሚጫን ኤሌክትሪክ ስንቅ ነው፤ ስንቅ ደግሞ በመንገዱ ልክ ይያዛል።

ስንቅ መያዝን አገራችን ጠንቅቃ ታውቃለች። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 እስክትቆረቆር ድረስ ነገሥታቱ ለረጅም ዘመን በድንኳን ከተማ ይዘዋወሩ ነበር። ዘማች የሚይዘው በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነበር። እነዚህ ምግቦች አንድ ብልሃት ይጋራሉ፤ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም፣ መንገድ ላይ ብዙ ማገዶ አይጠይቁም። ስንቅ አዘጋጇ እሳት የሚፈጀውን ሥራ ቤቷ ጨርሳዋለች። አስቀድሞ ፍላጎትን መቀነስ፣ ከዚያ መሸከም፤ ይህ ብልሃት ለሶላርም ይሠራል።

የከተማ መብራት የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ኤሌክትሪክ መጀመሪያ የበራው ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፣ በጄኔሬተር ነበር። ከዚያ የአቃቂ ወንዝ ኃይል እንዲያመነጭ ተደረገ፤ አባ ሳሙኤል ተከተለ፤ በ1952 ቆቃ ሥራ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መንገዱ ሁሉ ትልቅ ወንዝ ገድቦ በረጅም ገመድ ማዳረስ ነበር። ተሳቢ ግን ገመዱ ከሚያበቃበት አልፋ ትሄዳለች።

ገመድ የማይደርስበትን ያበራው ግኝት እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ከቤል ቤተ ሙከራ ወጣ። ቻፒን፣ ፉለርና ፒርሰን የሠሩት የሲሊከን ሴል ካረፈበት ብርሃን 6 በመቶ ያህሉን ወደ ኤሌክትሪክ ቀየረ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንጋርድ 1 የተባለችው ሳተላይት በሶላር ኃይል ጠፈር ላይ ዋለች። ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ጥሩ ፓኔል 20 በመቶ ይቀይራል፣ ከዚያም ያልፋል።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1985 ወደ 300 ለሚጠጉ የገጠር አባወራዎች 10.5 ኪሎ ዋት ሶላር ተተከለ። ኋላም ወደ 30 ኪሎ ዋት አድጎ የውሃ ፓምፕና ወፍጮ እንዲያንቀሳቅስ ተደረገ። ለባለ ተሳቢ ግን ዋናው መምህር ሰሜን ሸዋ ያለችው ሬማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ በአንድ የሶላር ፋውንዴሽን ሥራ ወደ 2,000 በሚጠጉ ቤቶች ላይ ትንንሽ ፓኔሎች ተገጠሙ፤ ለጥገናውም እዚያው ባለሙያዎች ሠለጠኑ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። የአንድ ቤት ፓኔል አቅም 10 ዋት ያህል ነበር። ያ ቤቱን ለማብራት የበቃው አምፖሎቹ ጥቂት ዋት ብቻ የሚበሉ ኤልኢዲ ስለነበሩ ነው። የሬማ ብልሃት የበሶ ብልሃት ነው።

ወደ ተሳቢዋ እንመለስ። ወጣቱ ወረቀቱ ላይ ያሰፈረው እንዲህ ይላል። ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለአምስት ሰዓት፣ 75 ዋት ሰዓት። የአራት ስልኮች ቻርጅ 60። አንድ ላፕቶፕ 60። በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ ፍሪጅ 45 ዋት ትበላለች፤ እየጠፋችና እየበራች በቀን ስምንት ሰዓት ብትሠራ 360። ድምሩ በቀን 555 ዋት ሰዓት ነው። በገመድ፣ በሙቀትና በአቧራ የሚባክነው ሲታሰብ 740 ያህል መመረት አለበት። ደመናማ በሆነ ቀን አራት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢገኝ 185 ዋት ይጠይቃል። ስለዚህ 200 ዋት ፓኔል ይበቃል።

ባትሪው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፀሐይ ባይኖር ለሁለት ቀን 1,110 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሹ በላይ መውረድ ስለሌለበት ባለ 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት መግዛት ሊኖርባቸው ነው፤ ክብደቱ 60 ኪሎ ገደማ። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ግን እስከ 90 በመቶው ስለሚሠራ 100 አምፒር ሰዓት ይበቃል፤ ክብደቱም 12 ኪሎ ያህል ነው። መግዣው ይወደዳል፤ ነገር ግን በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ስለሚወርድ ውሎ አድሮ እሱ ይረክሳል። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ መደረግ የለበትም። ስሜን ተራሮች ላይ የሚያድር ሰው ባትሪውን ከውስጥ ያኑር፤ ጠዋትም እስኪሞቅ ይታገሥ።

አዛውንቱ «ምጣድስ?» ብለው ጠየቁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,000 ዋትና ከዚያ በላይ ይበላል። በ12 ቮልት ሲሰላ 250 አምፒር ይሆናል፤ ያን ለመሸከም እንደ አውራ ጣት የወፈረ ገመድ ይጠይቃል። እንጀራው ከቤት ተጋግሮ ይሂድ፤ ቡናው በከሰል ይፈላ። ፊውዙን ባትሪው አጠገብ ማኖር ደግሞ የእሳት አደጋን ያርቃል።

ጣሪያውን በተመለከተ ፓኔሉን ጠፍጣፋ መግጠም ለአገራችን ያዋጣል፤ ፀሐይዋ ከአናታችን ብዙ ስለማትርቅ በየወቅቱ ማዞር አያስፈልግም። ከሥሩ ግን አየር ይለፍበት። ፓኔል ሲግል አቅሙ ስለሚቀንስ የአዋሽ ሙቀት ከአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ይልቅ ይጎዳዋል። ጥላ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል፤ የአንድ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላ የፓኔሉን ጥግ ቢነካ ምርቱ ክፉኛ ይወርዳል። ቻርጅ ኮንትሮለሩ ኤምፒፒቲ የሚባለው ዓይነት ቢሆን ከተመረተው የሚባክነው ያንሳል።

ተሳቢ ለማሠራት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት አንድ ምሽት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምታበሩትን ሁሉ ከነዋቱና ከነሰዓቱ ጻፉ። ከዚያ የሚቀነሰውን ቀንሱ። የቀረው ድምር ምን ያህል ፓኔልና ባትሪ እንደሚበቃችሁ ራሱ ይነግራችኋል። የኡራኤሏ ተሳቢ ወረቀት በጓዳዋ በር ላይ ተለጥፏል፤ ከታች የተሰመረበት ቁጥር 555 ነው።