ኪሳራ የማይሽረው ቀለብ

በኬንያ መክሰሩ በፍርድ የታወጀ ሰው፣ ተቃውሞ ካልቀረበበት፣ የሀብቱንና የዕዳውን ዝርዝር ካስገባ ከ3 ዓመት በኋላ ነጻ ይወጣል። የባንኩም የነጋዴውም ገንዘብ ይቀርለታል፤ ፍርድ ቤት የቆረጠበት የልጅ ቀለብ ግን አይቀርለትም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኪሳራ ሕግ ያኖረው ይህ ልዩነት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የናይሮቢ ታሪክም ልጅ እንዲህ ያለ ከለላ ለምን እንደሚያስፈልገው ያሳያል። በቅኝ ግዛት ዘመን፣ በ1959፣ የወጣ ሕግ ሳታገባ የወለደች እናት የልጇን አባት ከሳ ቀለብ እንድታስቆርጥ ይፈቅድ ነበር። በ1969 ነጻይቱ አገር በናይሮቢ በተሰበሰበው ምክር ቤቷ ሻረችው። ሴቶች ሕጉን መጠቀሚያ አድርገውታል ተባለ። ለዚህ መልስ የምትሰጥ አንዲት ሴት እንደራሴ አልነበረችም፤ የመጀመሪያዋ ግሬስ ኦንያንጎ የተመረጠችው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። ያጭበረበረች ብትኖር እንኳ መፍትሔው ማስረጃውን ማጥበቅ ነበር። የተዘጋው ግን የልጆቹ ሁሉ አቤቱታ ነው። ወላጆች ቢጋቡም ባይጋቡም እኩል ኃላፊነት እንዳለባቸው ሕገ መንግሥቱ እስኪደነግግ፣ እስከ 2010፣ 41 ዓመት አለፈ።

የከሰረ ሰው እፎይ ካላለ እንደገና አይሠራም፣ ሳይሠራም ልጁን አያበላም የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ሆኖም ባንክ ሲያበድር አደጋውን መዝኖ፣ ወለድ ቆርጦ፣ መያዣ ይዞ ነው። ልጅ አበዳሪ አይደለም፤ የአባቱን ንግድም አልመረጠም። ገቢው የወደቀ አባት ቀለቡ እንዲቀነስለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ መቀነስና መሰረዝ ግን የተለያዩ ናቸው። ዕዳ ባለመክፈል የሚመጣውን እስር በተመለከተም የናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2012 እያለው የማይከፍለውን ሰው አቅም ካጣው ለይቷል።

የትዳር ንብረት ክፍፍል ግን ይህን ያህል ከለላ የለውም። በ2013 የወጣው የትዳር ንብረት ሕግ የቤት ሥራንና ልጅ ማሳደግን እንደ አስተዋጽኦ ቢቆጥርም፣ ግማሹ ወዲያው የሚስት እንደማይሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2023 ወስኗል፤ ድርሻዋን ማስረዳት አለባት። ቤቱ በባሏ ስም ብቻ ተመዝግቦ እሱ ከከሰረ፣ ድርሻዋን አስቀድማ በፍርድ ያላስለየች ሴት የምትከራከረው ከቀድሞ ባሏ ጋር ብቻ ሳይሆን ገንዘባቸውን ከሚጠብቁ አበዳሪዎቹም ጋር ነው።