የጋራ አድራሻ ክልል (በባለብዙ ፕሮሰሰር ከርነል)

የአንድ ፕሮግራም ትሬዶች በተለያዩ ኮሮች ላይ እየሠሩ በጋራ የሚጠቀሙበት የሜሞሪ አድራሻ ስብስብ። የአድራሻዎቹ ካርታ ፔጅ ቴብል ሲባል፣ አስተዳዳሪው ከርነሉ ነው። ቡሬ ገበያ ላይ የበቆሎ ዋጋ የሚያጠያይቅ ነጋዴ የያዘው ባለ 8 ኮር የአንድሮይድ ስልክም ይህን የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው።

ችግሩ የሚመጣው ካርታው ሲለወጥ ነው። እያንዳንዱ ኮር በቅርቡ የተጠቀመባቸውን አድራሻዎች ካርታ ቲኤልቢ በተባለ ትንሽ ማኅደር ገልብጦ ይይዛል። ነገሩ የመሬት ይዞታ ደብተርን ይመስላል፤ በወረዳው መዝገብ ድንበሩ ቢስተካከልም ገበሬው እጅ ያለው ደብተር የድሮውን ይናገራል። ስለዚህ በኢንቴል ማሽኖች አንድ ኮር 4 ኪሎባይት የሆነች ፔጅ ሲያስለቅቅ፣ ክልሉን ለሚጋሩት ኮሮች የማቋረጫ ምልክት ይልካል። ሁሉም አሮጌውን ቅጂ ሰርዘው ምላሽ እስኪሰጡ ፔጇ ለሌላ አትሰጥም፤ ኮር በበዛ ቁጥር ጥበቃው ይረዝማል። የስልኩ አርም ፕሮሰሰር ግን የስረዛ ትዕዛዙን በሃርድዌሩ ማሰራጨት ይችላል።

በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የማክ (Mach) ከርነል ተመራማሪዎች ስለ ማቋረጫ ምልክቱ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1989 ጽፈዋል። ሌላው ማነቆ ቁልፉ ነው፦ ሊኑክስ ለረጅም ዘመን መላውን ክልል በአንድ ቁልፍ ይጠብቅ ነበር፤ አንዱ ትሬድ ካርታውን ሲያስተካክል ሌሎቹ ደጅ ይጠኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የሊኑክስ ስሪት 6.4 ለክልሉ ክፍሎች የየራሳቸውን ቁልፍ አስገባ፤ ዘግይቷል።