«እኔም እዚያ ነበርሁ»፦ ስለ አንድ የፓንክ ሮክ ምሽትና ስለ ምስክርነት



እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1976 ሴክስ ፒስትልስ የተባለው የፓንክ ሮክ ባንድ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ፣ ሌሰር ፍሪ ትሬድ ሆል በተባለ አነስተኛ አዳራሽ ተጫወተ። ዝግጅቱን ያሰናዱት ሃዋርድ ዴቮቶና ፒት ሼሊ የተባሉ ወጣቶች ነበሩ። ሙዚቃው ጆሮ የሚያደነቁር፣ ሥርዓት የጣሰ ነበር። ታዳሚው 40 ገደማ እንደነበር ይገመታል፤ «እዚያ ነበርሁ» ባዩ ግን ከዓመት ዓመት እየበዛ፣ ከዚህ ቁጥር እጅግ በለጠ።

ይህን ሁሉ ሰው ውሸታም ማለት ይቀላል፤ የታሪክ አጥኚ ግን አይቸኩልም። ባንዱ ጁላይ 20 ወደዚያው አዳራሽ ተመልሶ ነበር፤ በዚህኛው ምሽት የተገኘውም ሰው ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ምሽቶች በብዙዎች ትዝታ አንድ ሆኑ። ከመጀመሪያው ምሽት ታዳሚዎች መካከል ፒተር ሁክና በርናርድ ሰምነር ኋላ ጆይ ዲቪዥንን ከመሠረቱት ነበሩ፤ ምሽቱም የገነነው የእነርሱን ዝና ተከትሎ ነው። ሰው የሚያስታውሰው ያየውን ብቻ ሳይሆን፣ «ምነው ባየሁት» ያለውንም ነው።

እኔም ከዚህ ነጻ አይደለሁም። ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ታንኮች አዲስ አበባ ሲገቡ በዐይኔ ማየቴን ለዓመታት ለተማሪዎቼ ተናግሬአለሁ። አንድ ቀን ግን ታላቅ እኅቴ ሰምታኝ፣ «ተው እንጂ! አንተ ያን ዕለት ከእኛ ጋር ቤት ውስጥ ወለል ላይ ተኝተህ ነበር፤ አይቶ የነገረን ጎረቤታችን ነው» አለችኝ። ሳሰላስለው እውነቷን ነበር።

ስለዚህ ምስክር ስትጠይቁ «ነበሩ ወይ?» ብላችሁ አታብቁ፤ «ከማን ሰሙት? እንዲህ አድርገው መተረክ የጀመሩትስ መቼ ነው?» በሉ። ጥያቄውንም ከራሳችሁ ጀምሩ።