ልጅዎ ስለ ፕላኔቶች ሲጠይቅዎት

ልጅዎ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ፀሐይ ኮከብ ናት ወይስ ፕላኔት?» ቢልዎት ምን ይመልሱለታል? ብዙ ወላጆችና የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎች እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ሲመጣባቸው ወሬ ይለውጣሉ። አንዳንዱ ቃሉ ስለሚጠፋበት ነው፤ አንዳንዱ ግን ነገሩ ሁሉ ኮከብ ቆጠራ እየመሰለው ይሸሻል። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ኮከብ ቆጠራ የሰውን ዕድል ከከዋክብት እናነባለን የሚል ጥንቆላ ነው። ሥነ ፈለክ ደግሞ የሰማይ አካላትን መጠን፣ ርቀትና እንቅስቃሴ ለክቶ የሚያጠና ሳይንስ ነው። ልጅዎ የሚማረው ሁለተኛውን ነውና አይቆጡት፤ ይልቅ ቃላቱን አብረውት ይማሩ።

ኮከብ የራሱን ብርሃን የሚያመነጭ አካል ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ኮከብ ናት። ፕላኔት ግን የራሱ ብርሃን የለውም፤ የሚታየን የፀሐይን ብርሃን ስለሚያንጸባርቅ ነው። ፀሐይና በስበት ኃይሏ ይዛ የምታዞራቸው አካላት በአንድነት ሥርዓተ ፀሐይ ይባላሉ። ፕላኔት በፀሐይ ዙሪያ የሚጓዝበት መንገድ ምህዋር፣ በራሱ ላይ ሲሽከረከር የሚዞርበት የሐሳብ መስመር ደግሞ ዛቢያ ይባላል። ምድር በዛቢያዋ አንዴ ስትሽከረከር አንድ ቀን፣ ምህዋሯን ስትጨርስ አንድ ዓመት ይሆናል። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ያህል ስለሆነ ሩቧ ተጠራቅማ በየ4 ዓመቱ ጳጉሜን 6 ቀን ታደርጋታለች። ምህዋርን ለልጅ ለማስረዳት ከጳጉሜ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ፕላኔቶቹ ከፀሐይ ባላቸው ቅርበት ሲቆጠሩ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድር፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስና ኔፕቲዩን ናቸው። በዕድሜ ጠና ያልን ሰዎች 9 ብለን ነበር የተማርነው። ነገር ግን ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በነሐሴ 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ፕሉቶን ድንክ ፕላኔት ብሎ ስለመደበው ልጅዎ «8» ቢል ልክ ነው። ሜርኩሪ ፀሐይን በ88 ቀን ሲዞር ኔፕቲዩን 165 ዓመት ያህል ይፈጅበታል።

አብዛኞቹ ስሞች የሮማውያን አማልክት ስሞች ናቸው። ሁለቱን እርስዎም በሌላ አጠራር ያውቋቸዋል። በሐዋርያት ሥራ 14 የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን ብለዋቸው ነበር። ሮማውያን ድያን ጁፒተር፣ ሄርሜንን ሜርኩሪ ይሏቸው ነበር። ስሙ ከጣዖት ቢመጣም ዛሬ ፕላኔቱን ከመጥራት ያለፈ ትርጉም የለውም።

ቬነስ የራሳችን ስም አላት፤ ጎህ ሳይቀድ በምሥራቅ ስትታይ አጥቢያ ኮከብ ወይም የንጋት ኮከብ እንላታለን። (አጥቢያ የምንላት ቤተ ክርስቲያን ሌላ ናት!) በሌላ ወቅት ደግሞ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ ትታያለች። ስሟ ኮከብ ይሁን እንጂ ፕላኔት ናት። የሚገርመው፣ በዛቢያዋ አንዴ ለመሽከርከር 243 የምድር ቀናት ሲፈጅባት ፀሐይን ለመዞር ግን 225 ይበቃታል።

ጠፈር የሚለውን ቃል ዘፍጥረት 1 ላይ ያገኙታል። በዛሬው የሳይንስ አማርኛ ግን ከምድር አየር ውጭ ያለው ሰፊ ቦታ ነው፤ ወደዚያ የሚጓዘውም ጠፈርተኛ ይባላል። ልጅዎ ቃሉን በየትኛው ትርጉም እንደተጠቀመበት መጀመሪያ ይጠይቁት።

ጨረቃ ፀሐይንና ምድርን ስትጋርድ የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ የታየው ቀለበታዊ ግርዶሽ ነበር፤ ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ አልሸፈነቻትም፣ ዳሯ እንደ ቀለበት አበራ። ግርዶሽን በባዶ ዓይን ማየት ዓይን ያጠፋልና ይህን ለልጅዎ አጥብቀው ይንገሩት።

ተወርዋሪ ኮከብም ኮከብ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ የጠፈር ስብርባሪ ወደ ምድር አየር በከፍተኛ ፍጥነት ሲገባ ግሎ የሚያበራው ነው። ጅራታም ኮከብ የምንለው ደግሞ በረዶና አቧራ የተጋገረበት አካል ሲሆን፣ ጅራቱ የሚወጣው ወደ ፀሐይ ቀርቦ በረዶው ሲተን ነው።